«ደህና ነኝ» የሚሉን እናቶች

 

 ስለ ወላጆች ሐቅ በመስጊድም በጋዜጣም ብዙ ተብሏል። ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ግን ከወላጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚኖር ልጅ ነው፤ ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ፣ ፊቱን እንዳያጠቁር፣ እንዳያመናጭቅ። ዛሬ የብዙዎቻችን ወላጆች ከኛ ጋር አይኖሩም። ታዲያ ልጆቿ በሩቅ አገር የተበተኑባት አሮጊት እናት ሐቋ ምንድን ነው? እሷስ ስለ ልጆቿ የምትሸከመው ምን ያህል ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቦታ ይዘን እንነጋገር፤ ቦታዋም ብልባላ ትሁን።

ብልባላ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ምድር፣ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ስሟን የሰማ ሰው በአብዛኛው የሚያውቃት ከአለት በተፈለፈሉት በብልባላ ጊዮርጊስና በብልባላ ቂርቆስ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ሙስሊሙ በዚያ ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመላው ሰሜን ወሎ ሕዝብ ሙስሊሙ 17 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የሚበዛውም ወደ ምሥራቁ ቆላ፣ እንደ ሐብሩ ባሉ ወረዳዎች ነው። በላስታ ዳገት ላይ ያለ ሙስሊም ቤት ጎረቤቱ ግራና ቀኙ ክርስቲያን ነው። ይህን ያነሣሁት በኋላ ስለምንመለስበት ነው።

ይህ ጸሐፊ የሚያውቃቸው አንዲት እናት በዚያው አካባቢ ይኖራሉ። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም፤ አንባቢ የራሱን እናት ስም ቢያስገባበት ይሻላል። ዕድሜያቸው ሲጠየቁ ዓመት አይቆጥሩም። «በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ኮረዳ ነበርኩ፤ በሰባ ሰባቱ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር» ይላሉ። የላስታ ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው እንዲህ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም ከአጠገባቸው የሉም። የመጀመሪያው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ይነግዳል። ሁለተኛዋ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ትንሹ ደግሞ አንድ ሌሊት ሳይሰናበታቸው ወጥቶ፣ በባቲ በኩል ጂቡቲ፣ ከዚያም በየመን አድርጎ ጂዛን ገብቷል። በሕይወት መኖሩን ያወቁት ከአራት ወር በኋላ ነው።

የሪያዷ ልጃቸው የምትደውለው ዓርብ ማታ ነው። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞላቸው ኢሞ ይከፈታል። ስልኩ ሲበራ እኒህ እናት ፊታቸውን ትንሽ ወደ ግራ ያዞራሉ። መጀመሪያ ሳየው ልማድ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ግራ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ልጃቸው እንዳታይባቸው ደህናውን ዓይናቸውን ነው የሚሰጧት።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ገብሱም ያዘ፣ ላሟም ወለደች። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።»

ላሟ ከተሸጠች ቆይታለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለምን እንደሚደብቋት ጠየቅኳቸው። «ብነግራት ትመጣለች። ከመጣች በምን ትመለሳለች? ለአንድ ዓይን ብዬ የልጄን እንጀራ ልዝጋ?» አሉኝ። ስለ ላሟ የተናገሩትን ለአላህ እንተወው። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ማለታቸው ግን ውሸት ነው ለማለት አልደፍርም። ሙእሚን በችግርም በድሎትም ጌታውን ያመሰግናል፤ እኒያ ሁለት ቃላት ከጤና ሪፖርት ይልቅ ለዱዓ ይቀርባሉ።

በባሕሩ ማዶ ያለችውስ? ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን እንደሚያጫውቱን፣ ብዙዎቹ ወደ ቤት የሚደውሉት ማድ ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው። ሲያለቅሱ እንዳይሰማ የውኃ ቧንቧ ይከፍታሉ። ደመወዝ ሦስት ወር ቢዘገይ፣ እጃቸው በዘይት ቢቃጠል፣ እንቅልፍ ቢነሡ፣ ለእናታቸው የሚሉት አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ እማ።» እንግዲህ ሁለት «ደህና ነኝ» ቀይ ባሕርን አቋርጠው በየሳምንቱ ይተላለፋሉ። ሁለቱም ከፍቅር ይወጣሉ፤ ሁለቱም ግን እውነቱን ይጋርዳሉ።

ልጅ ለምን አትመጣም?

ከተማ ያለ ሰው «እናቷ ከታመሙ ለምን አትመጣም?» ይላል። ነገሩ እንደ አፍ አይቀልም። ዐረብ አገር በኮንትራት የምትሄድ እህት መኖሪያ ፈቃዷ፣ ማለትም ኢቃማዋ፣ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ፓስፖርቷ በብዙ ቦታ በአሠሪዋ እጅ ይቀመጣል። ያለ እርሱ ፈቃድ መውጣት ለብዙዎች ከባድ ሆኖ ኖሯል። በየመን በኩል ያለ ወረቀት የገባ ወንድማችን ደግሞ የሚመለሰው ወይ ተይዞ፣ ወይ እጁን ሰጥቶ ነው። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሳዑዲ ዐረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ቦሌ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ነበር። መንግሥት በ2006 የሥራ ጉዞን አግዶ በ2010 እገዳውን አንሥቷል፤ በእገዳው ዓመታት ግን የበረሃውና የባሕሩ መንገድ አልተዘጋም። (እህቶች ያለ መሕረም ስለሚያደርጉት ጉዞ የዑለማው አስተያየት ሰፊ ስለሆነ ለብቻው መጻፍ ይገባዋል፤ እዚህ አንገባበትም።)

እናትየው ይህን ሁሉ በዝርዝር አያውቁትም። የሚያውቁት ልጃቸው ከመጣች እንደማትመለስ ብቻ ነው። የላኩላቸው ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ቤቱ ግን ተቆልፏል፤ «ሲመጡ ይገቡበታል» ተብሎ። እሳቸው የሚያድሩት በአሮጌዋ ጎጆ ነው።

የስልኩ ክር እንኳ የተበጠሰበት ጊዜ ነበር። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ በሰሜን ወሎ ሰፊ ክፍል ስልክና መብራት ለወራት ጠፋ። የዚያን ጊዜ በሪያድ፣ በጅዳ፣ በቤይሩት የነበሩ የላስታ ልጆች እናታቸው ትኑር ትሙት አያውቁም ነበር። እኒህ እናት ግን ስለዚያ ወራት ሲያወሩ ስለ ተኩሱ ብዙ አይናገሩም። «ልጆቼ ሞታለች ብለው ሐዘን ይቀመጡብኛል ብዬ ነበር የሚጨንቀኝ» ነው የሚሉት። ጥይት ከራሳቸው በላይ እየበረረ፣ እሳቸው የሚያስቡት ሪያድ ያለችው ልጅ የምታለቅሰውን ለቅሶ ነው።

ይህ መለያየት ለላስታ እናቶች አዲስ አይደለም። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በሠፈራ ፕሮግራም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው የወሎ ሰው፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከልና ወደ ሌሎችም ተወስዷል። ከተወሰዱት አንዱ የእኒህ እናት ታናሽ ወንድም ነበር። እናታቸው፣ ማለትም የልጆቹ አያት፣ እስኪሞቱ ድረስ በጓሮ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ሲያዩ ብድግ ይሉ ነበር አሉ። የእናታቸውን ጥበቃ ያዩ ሰው ዛሬ በእርሳቸው ተራ እየጠበቁ ናቸው።

የሙሳ እናት ምን ደበቀች?

እስቲ ወደ ቁርኣን እንመለስ። በሱረቱል-ቀሰስ (ከአንቀጽ 7 እስከ 13) የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) እናት ታሪክ ይገኛል። ልጇን ወደ ባሕሩ እንድትጥለው ከአላህ ዘንድ ተነገራት፤ እንዳትፈራም እንዳታዝንም፣ እንደሚመልስላትም ቃል ተገባላት። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ፈጥነን እናልፋለን። ልጇ ከሄደ በኋላ ልቧ ባዶ ሆነ ይለናል፤ ከልጇ ሐሳብ በቀር ምንም የቀረ አልነበረም። ምስጢሩንም ልታወጣው ምንም ያህል አልቀራትም ነበር፤ አላህ ልቧን ባያጠነክርላት ኖሮ።

አስተውሉ! ያች እናት የጮኸች ቀን ልጇ ይታወቃል፤ ከታወቀ ይገደላል። ስለዚህ ጩኸቷን ዋጠች። ዝምታዋ ልጇን አዳነ። ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። እህቱን «ተከተይው» ብላ ላከች፤ እህቱም ከሩቅ ሆና፣ እነርሱ ሳያውቁባት ትመለከተው ጀመር። የብልባላዋም እናት ከዚህ ምን ትለያለች? ለልጇ ስትል ትደብቃለች። በሌላ በኩል ከዐረብ አገር የተመለሰ ሰው በመጣ ቁጥር «ሪያድ ነበርሽ? ልጄን አይተሻት ይሆን?» ትላለች። ሪያድ ከላስታ ሁሉ የሚበልጥ ከተማ መሆኑን ማን ያስረዳት!

አላህም ሙሳን ወደ እናቱ የመለሰበትን ምክንያት ሲነግረን፣ ዓይኗ እንዲረጋና እንዳታዝን መሆኑን ጭምር አስታውቆናል። ከፊርዐውን ጋር ከሚጠብቀው ያ ሁሉ ታላቅ ጉዳይ በፊት፣ የአንዲት እናት ዓይን መርጋት በጌታዋ ዘንድ ሥፍራ አገኘ።

ስለ ዓይን ካነሣን ያዕቆብም (ዐ.ሰ) አሉ። በሱረቱ ዩሱፍ እንደተነገረው በልጃቸው ናፍቆት ዓይኖቻቸው ነጡ። ቤተሰባቸው «እስክትጠፋ ድረስ እርሱን ከማስታወስ አትቦዝንም» ዓይነት ወቀሳ ሲሰነዝሩባቸው፣ ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ እንደሆነ ገለጹ። ከዚህ የምንማረው አለ። አንዳንድ ሰው ልጇ ስለራቀባት የምታለቅስ እናት ሲያይ «ኢማንሽ የት አለ? ሰብር አድርጊ» ብሎ ይገሥጻል። ያዕቆብ ነቢይ ነበሩ፤ ዓይናቸው እስኪነጣ አዘኑ፤ ሰብራቸውም አልተጓደለም።

ሐበሻ ምድር የነበረው ልጅ

አሁን ወደ ሲራ እንሻገር፤ በዚህ ርእስ ላይ ለኛ ለሐበሾች ቅርብ የሆነ ታሪክ አለና። በእ.ኤ.አ. 615 ገደማ የመካ ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወደ ነጃሺ አገር ሲሰደዱ፣ ዛሬ የኛ ልጆች የሚሄዱበትን ባሕር በተቃራኒው እየቀዘፉ ነበር። ከነርሱ መካከል በነጃሺ ፊት የተናገረው ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ይገኛል። ጀዕፈር በሐበሻ ከ10 ዓመት በላይ ኖሮ የተመለሰው በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነው። መመለሱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እጅግ እንዳስደሰታቸው የሲራ ሰዎች ጽፈዋል።

እናቱስ? እናቱ ፋጢማ ቢንት አሰድ (ረ.ዐ) ናት፤ የዐሊይም እናት። አባታቸውንም እናታቸውንም አያታቸውንም ያጡትን ሕፃን ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) በአቡ ጧሊብ ቤት ያሳደገች እርሷ ነበረች። ሰልማ ወደ መዲና ተሰደደች። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የሞተችው በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ አካባቢ ነው። ስሌቱን አንባቢ ይሥራው። ጀዕፈር ከሐበሻ ሲመለስ እናቱ ከተቀበረች ሦስት ዓመት ያህል ሆኗታል።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሣው ስለ ነጃሺ ፍትሕ ለመናገር ነው፤ ይገባልም። እኔ ግን የብልባላዋን እናት ካየሁ ወዲህ ስለዚያች መዲና ላይ ሆና ሐበሻ ያለ ልጇን ስለምትጠብቅ እናት ማሰብ አልተውኩም። ልጇ በስልክ አይደውልም። ነጋዴ ሲመጣ ወሬ ትሰማ ይሆናል። ልጇ ለዲኑ እንደሄደ ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ናፍቆቷን አላጠፋውም ይሆናል።

ያለ ልጅ ግን አልተቀበረችም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀሚሳቸው እንዳስከፈኗትና መቃብሯም ውስጥ እንደገቡ የሚናገሩ ዘገባዎች አሉ፤ በሰነዳቸው ጥንካሬ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ተነጋግረዋል። ከናታቸው በኋላ እንደ እናት ያዩዋት እንደነበር ግን የታወቀ ነው። ባሕር ማዶ ያለውን ልጅ ሥፍራ፣ በቅርብ ያለው ሞላው።

ሌላም እንጨምር። ሐበሻዊቷ በረካ፣ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ)፣ ነቢዩ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳሉ እናታቸው አሚና በአብዋእ ስትሞት፣ ወደ መካ ይዛቸው የተመለሰች ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ይጎበኟት ነበር። ከእርሳቸው በኋላ አቡ በክር ዑመርን (ረ.ዐ) «ነቢዩ እንደሚጎበኟት እንጎብኛት» ብለዋቸው ሁለቱ አብረው ወደ ቤቷ እንደሄዱ በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። የኡማው መሪዎች ጊዜ አጡ አልተባለም።

በወሎ ይህን ሥራ የሚሠራው ቅሬ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀበርበት፣ አብሮ የሚያለቅስበት፣ ልጅ የሌለውን አብሮ የሚያነሣበት። የእኒህን እናት ውኃ የምትቀዳላቸው፣ በጦርነቱ ወራት ከራሷ ጎተራ የሰፈረችላቸው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናት። ስለ ዓይናቸው መጀመሪያ ያወቀችውም እርሷ ነች።

በሌሊት ስለ ወጣው ልጅ

ስለ ትንሹ ልጅ ዝም ብለን አንለፍ። ከወሎ ቆላና ደጋ በየጊዜው ወጣቶች ለእናታቸው ሳይናገሩ ይወጣሉ። «ብነግራት ታስቀረኛለች» ይላሉ። ደላላውም የሚመክራቸው ይህንኑ ነው። ሸሪዓው ምን ይላል?

ከሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ኢማም አል-ካሳኒ (በ587 ዓ.ሒ. የሞቱት) በታወቀው የፊቅህ ሥራቸው ነገሩን በሁለት ይከፍሉታል። ጥፋት የሚያሰጋበት፣ አደጋው የበረታ ጉዞ ከሆነ ልጅ ያለ ወላጆቹ ፈቃድ አይወጣም። አደጋው ያልበረታ ጉዞ ከሆነ ደግሞ፣ ወላጆቹን ያለ ጧሪ እስካልጣለ ድረስ፣ ያለ ፈቃዳቸውም መውጣት ይችላል። እንግዲህ ከኦቦክ ዳርቻ በጨለማ በተጨናነቀ ጀልባ ወደ የመን መሻገር ከየትኛው ይመደባል? ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አቢያን ጠረፍ በሰመጠችው አንዲት ጀልባ ብቻ ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ የኛው ልጆች ነበሩ። የየመንና የሳዑዲ ወሰን ላይ በስደተኞች ላይ ስለደረሰው ግድያም በእ.ኤ.አ. 2023 ለዓለም ተነግሯል። ይህ ጉዞ «አደጋው የበረታ» ካልተባለ የትኛው ይባላል?

አንድ ሰው ለሒጅራ ቃል ሊገባ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ወላጆቹን እያለቀሱ ትቷቸው መምጣቱን ነገራቸው። ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳስለቀሳቸው እንዲያስቃቸው አዘዙት። ሐዲሱ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ለሒጅራ የመጣው ሰው ይህ ከተባለ፣ ለሪያል የሚወጣው ምን ይባላል?

በድህነት ላይ መፍረድ ግን ቀላል ነው። የላስታ መሬት የተራቆተና የተቆራረሰ ነው፤ አንድ ወጣት የሚወርሰው ማሳ ዓመቱን አያዘልቀውም። ልጁ የሄደው እናቱን ጠልቶ አይደለም። በጂዛን ጀርባው እስኪጎብጥ ፍየል ጠብቆ የመጀመሪያውን ደመወዝ የላከው ለማን ነው? ለእርሷ ነው። ጥፋቱ መሄዱ ሳይሆን ሳይሰናበት መሄዱ ነው። አራቱን ወር ያለ ዜና ያስቆጠራት መሆኑ ነው። ስንብት ብር አያስወጣም ነበር።

ስለኛ ስለ ከተሜዎቹ

እስካሁን ስለ ሪያድና ስለ ጂዛን ሳወራ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ያለ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ወንድሜ ሆይ! የሪያዷ እህት ፓስፖርቷ ተይዟል። የጂዛኑ ወንድም ወረቀት የለውም። አንተ ግን መርካቶ ነህ። በሰላሙ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍረህ ደሴ አድረህ በማግስቱ ላስታ ትገባ ነበር። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ የምንልበት አፍ አይኖረንም። መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ዓመታትስ ስንት ጊዜ ሄድን? የእኒህ እናት የበኩር ልጅ፣ ራሱ እንደነገረኝ፣ ስድስት ዓመት አልሄደም ነበር። ገንዘብ ግን አንድም ወር አላጓደለም። «ምን አጎደልኩባት?» አለኝ።

በዚህ ላይ ዑለማው ያስተዋሉት አንድ ቃል አለ። በሱረቱል-ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ አላህ ስለ ወላጆች እርጅና ሲናገር «ዒንደከ» የምትል ቃል አለች፤ «አንተ ዘንድ» እንደማለት ናት። ሁለቱም ወይም አንዳቸው አንተ ዘንድ ሆነው እርጅና ሲደርስባቸው «ኡፍ» እንኳ እንዳትላቸው ታዝዛለህ። እንግዲህ የአንቀጹ አነጋገር ሽማግሌው ወላጅ በልጁ ጥበቃና እንክብካቤ ሥር መሆኑን እንደ ተገቢ ነገር ይዞ የሚነሣ ነው። እኛ «ኡፍ» አላልንም ብለን ልንደሰት እንችላለን። «ኡፍ» ለማለትም ቅርብ መሆን ያስፈልጋል!

ሐዋላ ሰደቃም ቢሆን ግዴታም ቢሆን ታላቅ ሥራ ነው፤ አናቃልለውም። ደመወዟን ቆርጣ የምትልክ እህት ምንዳዋ በአላህ ዘንድ ነው። ነገር ግን ገንዘብ የማይገዛው ነገር አለ፤ ዓይን የሚያይላት ሰው። የላከው ገንዘብ ለሞራው ሕክምና ይበቃ ነበር። ሕክምናው ዛሬ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ፣ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ፣ ታማሚው በማግስቱ ፋሻው የሚፈታለት ነው። የጎደለው መኖሩን የሚያውቅ ልጅ ነበር። እሳቸው አይናገሩም፤ እርሱ አይጠይቅም። «ደህና ነኝ» ሲሉት ደስ ብሎት ስልኩን ይዘጋል።

ስለዚህ ከሩቅ ያለ ልጅ እናቱን ብቻ አይጠይቅ። ጎረቤቷን ይጠይቅ። «እማ ደህና ነሽ?» ብሎ ከዘጋ በኋላ፣ ለውኃ ቀጂዋ ይደውልና «እውነቱን ንገሪኝ፤ ትበላለች? ትሰማለች? ታያለች? ማታ ማን ያድራል?» ይበል። የሙሳ እናት እህቱን እንደላከች፣ እኛም ወደ እናታችን የምንልከው ዓይን ይኑረን።

የጥሪት ነገር ካነሣን ዱዓም ጥሪት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ዱዓዎች ያለ ጥርጥር ተቀባይነት እንዳላቸው ነግረውናል፤ የተበዳይ፣ የመንገደኛና የወላጅ። (በቲርሚዚ የተዘገበ ነው።) የዚህችን አንዲት ቤት ሰዎች እንይ። እናትየው ወላጅ ናቸው። ልጆቹ ከአገር የወጡ ናቸው። ደመወዟ የተከለከለችው ደግሞ ተበዳይ ናት። እናት ከሌሊቱ እኩሌታ ተነሥተው በአሮጌዋ ጎጆ «ያ ረቢ ልጆቼን» ይላሉ፤ በሪያድ ማድ ቤት ልጅቱ «ያ ረቢ እናቴን» ትላለች። ሌሊቱም በሁለቱ አገር እኩል ነው፤ የሪያድና የላስታ ሰዓት አይለያይም።

ነገሩን ለመጨረስ ያህል፣ ስለ ዓይኑ የሆነውን ልንገራችሁ። ያች ክርስቲያን ጎረቤት አንድ ቀን አልቻለችም። እናትየው «እንዳትናገሪ» ብለው አስምለዋት ነበር። «የማልኩት ለሪያዷ እንዳልነግር ነው፤ ለመርካቶው አልማልኩም» ብላ ለበኩር ልጃቸው ደወለችለት። ይህ ልጅ ሱቁን ዘግቶ በሦስተኛው ቀን ብልባላ ደረሰ። እናቱን ይዞ ወርዶ አሳከማቸው። ያ ሁሉ ሁለት ዓመት የተደበቀው ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ።

ፋሻው ከተፈታ በኋላ በመጣው ዓርብ ከሪያድ ተደወለ። በዚህ ጊዜ ስልኩን የያዘላቸው ልጃቸው ነበር። እናትየው ፊታቸውን አላዞሩም። በሁለቱም ዓይናቸው ስልኩን ቀርበው ትክ ብለው አዩት። ከሰላምታም በፊት፣ ከምንም በፊት፦

«ልጄ፣ ከስተሻል» አሉ።

«ኧረ ደህና ነኝ እማ» አለች ልጅቱ።